ሞተሩን አጥፉልን

የዕረፍት ቀን ዓምድ

በዓላቱ አልፈው፣ የልጆቹ የመንፈቀ ዓመት ፈተና ሲያበቃ በየቤቱ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ «ዘንድሮስ የት እንሂድ?» የሚል። መልሱ ብዙ ጊዜ ሐይቅ ነው። ቢሾፍቱ ለቀን፣ ሐዋሳ ለሁለት አዳር፣ ገንዘቡና ጊዜው የፈቀደለት ደግሞ ባሕር ዳር።

የሐይቅ ሽርሽራችንን ወግ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳርቻው ላይ ከባለጀልባው ጋር ዋጋ እንከራከራለን፣ እንሳፈራለን፣ ሞተሩ ይነሣል፣ ከአንዱ ስልክ ሙዚቃ ይከፈታል። ጀልባዋ ውሃውን እየሰነጠቀች ትበራለች፤ ልጆች ይጮኻሉ፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ተመልሰን ዓሣ ጥብስ እናዛለን። ደስ ይላል፤ ማንም ክፉ አይለውም። ግን እስቲ ባለፈው የጀልባ ጉዟችሁ ስንት ዓይነት ወፍ እንዳያችሁ ለማስታወስ ሞክሩ። አብዛኞቻችን «ነጭ ነጭ የሆኑ ትልልቅ ወፎች ነበሩ» ከማለት አናልፍም። ወፎቹ ስላልነበሩ አይደለም። ነበሩ፤ የሞተራችንን ድምፅ ሰምተው እኛ ሳንደርስ ተነሥተው ሄዱ።

በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ይገኛሉ። ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ እንግዶችም ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ሐይቆቻችንና ረግረጎቻችን ላይ ይከርማሉ። ሰው ከሩቅ አገር አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣው እነዚህን ለማየት ነው። ለእኛ ቤተሰብ የሚያስፈልገው ግን ባለጀልባውን በትሕትና አንዲት ነገር መጠየቅ ብቻ ነው፤ «ወንድሜ፣ ቄጠማው ጋ ስንደርስ ሞተሩን አጥፋልን።»

ለምን በጀልባ?

በእግሩ ወደ ሐይቅ ዳር የሚመጣን ሰው ወፍ ከሩቅ ያውቀዋል፤ ሁለት እግር ያለው፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ አንዳንዴም ድንጋይ የሚወረውር ፍጡር ነው። ዳርቻውን የከበበው ደንገልና ፊላም ከመሬት በኩል ሲታይ እንደ አጥር ነው። ወፎቹ የሚበሉት፣ የሚደበቁትና ጎጆ የሚሠሩት ከዚያ አጥር በስተጀርባ፣ በውሃው በኩል ነው። ስለዚህ ጓዳቸውን ማየት የሚቻለው በጀልባ ብቻ ነው። ቀስ ብላ የምትንሳፈፍ፣ ድምፅ የሌላት ጀልባ ደግሞ ብዙም አታስፈራቸውም። ሰዎቹ ከተቀመጡና ዝም ካሉ ወፉ ጥቂት ያያችኋል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ይህን ከማንም በፊት የሚያውቁት የጣና ሰዎች ናቸው። ከደንገል ተገምዳ የምትሠራው ታንኳ ሞተር የላትም፤ በመቅዘፊያ ትገፋለች። ታንኳዋ ከምታልፍበት ደንገል ጋር አንድ ዓይነት ቀለምና ሽታ አላት። ዓሣ አጥማጁ በታንኳ ሲያልፍ ወፎቹ አንገታቸውን እንኳ ቀና አያደርጉም። እርግጥ ነው፣ ትንንሽ ልጆች ይዞ በታንኳ ወደ ጥልቁ መውጣት አይመከርም። ዋናተኛ ያልሆነ ቤተሰብ የተሻለው ነገር የመንሳፈፊያ ጃኬት ያላት የሞተር ጀልባ መከራየትና ሞተሩን በቦታው ማስጠፋት ነው።

ማንን እናያለን?

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ሁሉንም ወፍ ለማየት አትሩጡ። አራት አምስቱን በደንብ ማየት ይበቃል።

መጀመሪያ ጃካናን ፈልጉ። ቡናማ ገላ፣ ነጭ አንገት፣ ከአፉ በላይ ሰማያዊ ግንባር ያለው፣ ከዶሮ የሚያንስ ወፍ ነው። ጣቶቹ ከመጠን በላይ ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቱ ተከፋፍሎ ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ሳይሰምጥ ይራመዳል። ልጆች «ውሃ ላይ የሚሄድ ወፍ» ሲሉት ይሰማል። የቤተሰብ መጽሔት አንባቢ ይህን ቢያውቅ ግን ደስ ይለዋል፤ በጃካና ቤት እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም አባት ነው። እናቲቱ እንቁላሏን ጥላ ወደ ሌላ ትሄዳለች። አደጋ ሲመጣ አባት ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ሸጉጦ ይነሣል፤ ትንንሽ እግሮቻቸው ከክንፉ ሥር ተንጠልጥለው ይታያሉ። ይህን ያየች ልጅ ወደ ቤት ስትመለስ አባቷን ምን እንደምትጠይቀው መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው ጥቁርና ነጭ የሆነው ትንሹ ዓሣ አዳኝ ነው። እንደ ሄሊኮፕተር ክንፉን እያርገበገበ አየር ላይ አንድ ቦታ ይቆማል፣ ቁልቁል ያያል፣ ከዚያ ድንጋይ እንደወደቀ ሁሉ ውሃው ውስጥ ጥልቅ ይላል። አንዳንዴ ዓሣ ይዞ፣ አንዳንዴ ባዶውን ይወጣል። ልጆቹ «ያዘ ወይስ ሳተ?» እያሉ ይወራረዱ፤ ግማሽ ሰዓት ሳያውቁት ያልፋል።

ሦስተኛው ዓሣ በል ንስር ነው። ራሱና ደረቱ ነጭ ስለሆነ ዛፍ ጫፍ ላይ ከሩቅ ይታያል። ባልና ሚስት ሆነው አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀልብሰው እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። ድምፁን አንዴ የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ ሳያይ ያውቀዋል።

አራተኛው ፔሊካን ነው። ከመንቁሩ ሥር ያለው ከረጢት ከ10 ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል። ነጮቹ ፔሊካኖች ብዙ ጊዜ የሚያጠምዱት በማኅበር ነው፤ ግማሽ ክብ ሠርተው ዓሣውን ወደ ጥልቀት አልባው ዳርቻ ይነዱና ሁሉም በአንድ ጊዜ መንቁራቸውን ይነክራሉ። ድር ቢያብር የሚለውን ተረት ለልጅ በቃል ከምታስረዱት ይህን ብታሳዩት ይገባዋል።

ወደ ጣና የሄደ ሰው ደግሞ አምስተኛ ይጨመርለታል። በፎገራ ሜዳና በሐይቁ ዙሪያ ከሰሜን ምሥራቅ አውሮፓና ከሩሲያ የሚመጡ ግራጫ ክሬኖች በሺዎች ሆነው ይከርማሉ። ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያላቸው ናቸው። ቀን ቀን አዝመራው በተሰበሰበበት ማሳ የወደቀ እህል ይለቅማሉ፤ ሲመሽ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ሊበላቸው የሚመጣ አውሬ ውሃውን ሲያንቦጫርቅ ይሰሙታልና። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰልፍ ሠርተው እየተጠራሩ ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ ማየት የጉዞውን ድካም ሁሉ ያስረሳል።

የት እንሂድ?

ለአዲስ አበባ ሰው ከሚቀርቡት አንዱ ዝዋይ ወይም ደንበል ነው፤ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዓሣ አጥማጆች ዓሣ በሚያጸዱበት ዳርቻ አባ ኮዳና ፔሊካን ከሰው ጋር ተጋፍተው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ከዚያ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ስትሄዱ ቄጠማውን ተጠግታችሁ ለማለፍ ጠይቁ። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አሞራ ገደል የተባለው የዓሣ ገበያው ሰፈር ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም።

ጣና ግን ሌላ ነው። ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር የማይሞላ፣ ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ጥልቀቱ ማነሱ ነው ዳርቻውን ሰፊ ረግረግ ያደረገው፤ ረግረጉ ነው ወፉን የጠራው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በዓለም የባዮስፌር ሪዘርቭ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርያም ደሴትና ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት የምትወስደው አጭር ጉዞ ለልጆች ተስማሚ ናት፤ ደንገሉም ወፉም ብዙ ነው፣ ጉማሬም ይታያል። በእርግጥ ወደ የትኛውም ክፍለ ሀገር ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በቦታው ካለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ጠይቃችሁ ተነሡ።

«የእኛ አገር መንዝ ነው፤ እዚያ ጀልባ የት አለ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከቀየት፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ለሚመጣ ቤተሰብ የጀልባ ጉዞ ሩቅ ነገር ነው። ውሃው ግን ሩቅ አይደለም። ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው የመንዝ ጓሳ ረግረጎች ዝናቡን እንደ ስፖንጅ መጥጠው በበጋ ቀስ በቀስ ይለቁታል። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል። ስለዚህ ከጣና የወጣውና ከመንዝ የወረደው ውሃ በረሃው ውስጥ ይገናኛሉ ማለት ነው።

ጓሳ ላይ ጀልባ አያስፈልግም፤ ጋቢና ትዕግሥት ይበቃል። በጅረቶቹ ዳር ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትም የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይሰማራል። ብርዱን ለመቋቋም ይመስል አንገቱን ጀርባው ላይ አጋድሞ ሲራመድ ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1976 አንኮበር አጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሳይንስ የታወቀችው ትንሿ ቡናማ የአንኮበር ወፍም እዚያ ትገኛለች። ለዘመድ ጥየቃ ወደ መንዝ የምትሄዱ ሁሉ አንድ ጠዋት ለጓሳ ስጡ። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ምራቂ ነው።

ከመሳፈራችሁ በፊት

ጊዜው ጠዋት ይሁን፤ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት። ወፍ የሚበላው ያኔ ነው፤ ውሃውም የተኛ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ጀልባ ያንገላታል።

ስለ ዋጋ ስትነጋገሩ ሁሉንም አስቀድማችሁ ተናገሩ። «ሩቅ መሄድ አንፈልግም። ሁለት ሰዓት ቀስ ብለን ዳር ዳሩን እንሂድ፤ ስንልህ ሞተሩን ታጠፋልናለህ፤ ጉማሬ ካለ አታስጠጋን» በሉት። ባለጀልባው መጀመሪያ ግራ ሊጋባ ይችላል፤ ሰው ሁሉ «ቶሎ አድርሰን» ነው የሚለው። ነዳጅ እንደሚተርፍለት ሲያስበው ግን ፈገግ ይላል። በዚህ ምክንያት ዋጋ ቀንስ አትበሉት። የምትከፍሉት ለነዳጁ ብቻ ሳይሆን ለትዕግሥቱና ለዓይኑም ጭምር ነው፤ ከእናንተ አሥር ጊዜ ቀድሞ ወፉን የሚያየው እሱ ነውና።

የመንሳፈፊያ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን ቆጥራችሁ እዩ፤ የልጅ ልክ ከሌለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ልጆች እግራቸውን ውሃው ውስጥ እንዳያንጠለጥሉ፤ ጣናም፣ ዝዋይም፣ ሐዋሳም ቢልሃርዚያ አለባቸው። ኮፍያ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ቆሎ። ደማቅ ቀይና ነጭ ልብስ ለፎቶ ያምራል፤ ለወፍ ግን አረንጓዴና ቡናማ ይሻላል።

የጦር ሜዳ መነጽር ካላችሁ ያዙ። ልትገዙ ካሰባችሁ 8 ጊዜ የሚያቀርበው ይበቃል፤ 10 ጊዜ የሚያቀርበው ጀልባ ላይ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን ያወዛውዘዋል። አንድ መነጽር ለአራት ሰው ከሆነ ተራው በዕድሜ ይሁን፤ ከትንሹ ይጀመር። ጎጆ ካያችሁ አትጠጉ። ለፎቶ ብላችሁ ወፍ አስነሡ አትበሉ። ለክንፉ ውበት ሲባል እያጨበጨቡ ማስበረር የተለመደ ነው፤ ለወፉ ግን ቁርሱን ጥሎ እንደመሸሽ ነው።

ስሙን ማን ይናገር?

ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል። ስሟም እንዳገሩ ነው። ከተማ ያደጉ ልጆቻችን ፔንግዊንን በካርቱን ያውቃሉ፤ በየጠዋቱ ጣራቸው ላይ የምትጮኸውን ወፍ ስም ግን አያውቁም። እኛም ብዙዎቻችን ከአሞራ፣ ከቁራና ከርግብ አናልፍም። እኔም ከላይ «ጃካና» እና «ክሬን» ብዬ የጻፍኩት የሁላችን የሆነ አንድ ስም ስላጣሁ ነው። ስሙ ግን አለ፤ ባለጀልባው ጋ አለ፣ ዓሣ አጥማጁ ጋ አለ፣ ገጠር ያደጉ አያቶቻችሁ ጋ አለ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዲት ትንሽ ደብተር ግዙ። ወፍ ባየ ቁጥር ቀኑን፣ ቦታውን፣ መልኩንና ምን ሲያደርግ እንደነበረ ይጻፍ፤ ከቻለ ይሳል። ከዚያ ባለጀልባውን «ጋሼ፣ እናንተ ይቺን ምን ትሏታላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። የሰማውን እንደሰማው ይጻፍ። ማታ ለአያቱ ስልክ ደውሎ «እማማ፣ ረጅም እግር ያላት፣ ረግረግ ላይ የምትቆም፣ ነጭ ወፍ እናንተ ጋ ምን ትባላለች?» ይበል። ያ ስልክ ከወትሮው «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ይረዝማል፤ ቃል እገባላችኋለሁ።

ወፉ ሲሄድ ምን ይቀራል?

ይህ ሁሉ ለመዝናኛ ብቻ አይደለም። የአቢጃታን ታሪክ እናስታውስ። የሻላ ፔሊካኖች ጎጆአቸውን ሻላ ደሴት ላይ ሠርተው፣ ዓሣ ለማጥመድ ግን ጎረቤታቸው አቢጃታ ይሄዱ ነበር። ወደ አቢጃታ የሚገባው ውሃ ለመስኖ ተወሰደ፣ ከራሱ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ተሳበ። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨውነቱ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹም ምግባቸውን ሌላ ቦታ ሊፈልጉ ተሰደዱ። ሐረማያም በዓይናችን ፊት ደርቆ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ውሃው ሲመለስ ያየነውን ደስታ አንረሳውም። ጣና ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ መጣ። አበባው ያምራል፤ ሲንሰራፋ ግን ውሃውን ይሸፍናል፣ መረብ ይይዛል፣ ጀልባ ያስቆማል። ለእርሻ ሲባል የሚመነጠረው ደንገልም አለ። ደንገሉ ከተራራው የወረደውን ደለል ያጣራል፣ ለዓሣው መራቢያ ነው። እሱ ሲሄድ ወፉ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ምሳችሁ ላይ የቀረበው ዓሣም እየሳሳ ይሄዳል።

«እኛ ምን እናድርግ?» ለሚል መልሱ ከመንዝ ይምጣ። የመንዝ ሰዎች ጓሳን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቄሮ ሥርዓት በሚባል ደንብ ጠብቀውታል። ሣሩ ለቤት ክዳን የሚታጨደው ደርሶ ሲከፈት ብቻ ነው፤ ለዓመታት ተዘግቶ የሚቆይበትም ጊዜ ነበረ። ደንቡ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቁሞታል። ጠብቀው ያቆዩት ግን ወፉ ስላማራቸው ብቻ አልነበረም፤ ከጓሳው ስለሚጠቀሙ ነው። ሰው የሚጠቀምበትን ይጠብቃል።

የእኛ ሁለት ሰዓት ክፍያም እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ባለጀልባው ቤተሰብ ሁሉ መጥቶ «ፍጥነት» ብቻ ሲጠይቀው፣ ደንገሉ ለእሱ መንገድ የሚዘጋ ሣር ነው። አንድ ቤተሰብ መጥቶ «ደንገሉ ጋ አቁምልን» ሲለው፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሲደግመው ግን ያ ደንገል እንጀራው ይሆናል። ሊመነጥረው የመጣውን ሰው «ተው» የሚለው እሱ ነው፤ እኛማ እሑድ ማታ ወደ ከተማችን ተመልሰናል።

የዚህ ወር የቤት ሥራችሁ ቀላል ነው። ሐይቅ መሄድ ለማይመቻችሁ በየሰፈራችሁ ያለ ወንዝ ዳር ወይም ግቢ ይበቃል፤ በአንድ ጠዋት አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡና ያያችሁትን ጻፉ። ከአገር ቤት የሰማችሁትን የወፍ ስም ከነአካባቢው ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ላኩልን። ከየአቅጣጫው የመጣውን ስም አሰባስበን በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን። ጃካና የሚባለውን የአባቶች አለኝታ በአማርኛ የሚጠራ ሰው ካለ ደግሞ ቅድሚያውን ለእሱ እንሰጣለን።

ቸር እንሰንብት።